ጠጋ በል፣ ጠጋ በይ

ፀጉሬን የተላጨሁት ለሐዘን አልነበረም። ለፋሽንም አልነበረም። ሪላክሰር፣ ያ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል፣ አቃጥሎኝ ነው።

የሳሎኑ ስም ይቅር። ሠሪዬ ደህና ልጅ ናት። ቅዳሜ ነበር፣ ሰርግ የበዛበት የጥር ሰሞን፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ቀባችኝና ሙሽራ ልትሠራ ሄደች። "ትንሽ ያቃጥላል፣ ቻይው" ብላኛለች። ቻልኩት። ሃያ ዓመት ስችለው የኖርኩት ነገር ነው። ካስክ ውስጥ ጆሮሽ እስኪግል ትቀመጫለሽ። ፔስትራው አንገትሽን ነካ ሲያደርግሽ ሸሸት ብለሽ ዝም ትያለሽ። ሹሩባው ከመጥበቁ የተነሳ ቅንድብሽ ወደ ላይ ተስቦ፣ ሌሊቱን ራስሽን ትራስ ሳታስነኪ አድረሽ፣ ጠዋት "አምሮብሻል" ሲሉሽ ፈገግ ትያለሽ። ያን ቀን ግን ስታጥበኝ ፀጉሬ ከጣቶቿ ጋር አብሮ ወጣ። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። ሙሽራዋ እንኳን በመስታወት አይታን ደነገጠች።

ሁለት ሳምንት ሻሽ አስሬ ከረምኩ። ቁስሉ ሲደርቅ እዚህም እዚያም የቀረውን ፀጉር በመስታወት አየሁትና፣ ይሄን ለማን ብዬ ነው የማቆየው አልኩ። ፒያሳ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ገባሁ።

ሦስት ወንበር ነው ያለው። ግድግዳው ላይ የወንዶች ጭንቅላት በቁጥር በቁጥር የተደረደረበት ፖስተር አለ፤ ደንበኛው ስም ማወቅ ሳያስፈልገው "14ን" ይላል። ከእሱ ጎን ሦስት ሹሩባ የተሠሩት አፄ ቴዎድሮስ። አንደኛው ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ አረፋ ተቀብተው ጋደም ብለዋል። ቶንዶስ የያዘው ልጅ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው።

"እህቴ፣ የሴቶቹ ፎቅ ላይ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ። ላጨኝ።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

ቶንዶሱን አጠፋው። "ባለቤትሽ ያውቃል?"

"ባል የለኝም።"

"እናትሽስ?"

እዚህ ላይ መልስ አልነበረኝም። አርባ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ፣ የእናት ፈቃድ እንደሌለው ልጅ ሻሼን ፈትቼ ጭንቅላቴን አሳየሁት። አይቶ ምንም አላለም። ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረ። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ከአረፋቸው ውስጥ ሆነው "እግዜር ያጽናሽ ልጄ" አሉ።

"አሜን" አልኩ። ከማስረዳት ይቀላል።

ከዚያ ወጥቼ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። ራሴ ላይ የሚነፍሰው ንፋስ ገና ለራሴ አዲስ ነው። ረዳቱ ከኋላዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "ወንድሜ፣ ጠጋ በል" አለኝ። ዞር ስል ጉትቻዬን አየ። "ውይ... ጠጋ በይ።" ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጠጋም አልኩ።

የዚያ ቀን ነገር በዚህ አላበቃም። የምሠራበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ፤ ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ ነው የሚፈተሸው። ሴቷ ፈታሽ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ቦርሳዬን ከፍታ የምታይ ሴት ናት። ቀና ብላ ሳታይ በእጇ ወደዚያ አለችኝ። ወንዱ ጋ ስደርስ እሱ እጁን አንስቶ ቆመ። ሊነካኝ ፈራ። ወደ እሷ ያያል፣ እሷ ወደ እሱ ታያለች። በመጨረሻ ያዳነው ቋንቋው ነው። "ይለፉ" አለኝ።

አማርኛ ለዚህ ነገር አይመችም። ሰውን "ና" ሳትለው ወይም "ነይ" ሳትላት በፊት ማን መሆኑን መወሰን አለብህ። ቁጭ በል፣ ቁጭ በይ። ምን ነካህ፣ ምን ነካሽ። ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ግሥ ለመለዋወጥ እንኳ ፆታውን መቁረጥ ግድ ነው። የሚቆረጠው ደግሞ በምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በፀጉር። ፊት እስኪታይ ማን ይጠብቃል፤ ረዳቱ ያየው ማጅራቴን ብቻ ነው። ግራ የገባው ሰው አንድ መውጫ አለው፤ አንቱታ። "እርስዎ" ወንድም ሴትም አያውቅም። በዚያ ሳምንት ባንክ ቤት "ይቀመጡ"፣ ሱቅ "ምን ልስጥዎት"፣ ካፌ "ምን ላምጣልዎት" ተባልኩ። ዕድሜዬ ያላመጣልኝን አክብሮት ጭንቅላቴ አመጣልኝ። እናቴ እንኳ በአርባ ዓመቷ ይሄን ያህል አንቱ አልተባለችም።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር። ማታ በሩን ስትከፍትልኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። "በማናችን ልታሟርቺ ነው?" አለች። ከዚያ ሳሎን ገብታ ነጠላዋን አምጥታ ራሴ ላይ ጣለችብኝ፣ ጎረቤት እንዳያይ። ለእሷ የሴት ልጅ የተላጨ ራስ ወይ የሞት ወሬ ነው፣ ወይ የሞት ጥሪ።

የሚገርመው፣ ለምን እንደሆነ አርባ ዓመት ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ያን ማታ ነገረችኝ። የተወለደችው ቡልጋ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሆኖ አባቷ ሞቱ። መሞታቸውን ብዙ ሰው ነገራት፤ አጎቶቿ፣ ጎረቤት፣ ቄሱ። አልገባትም። በማግስቱ አያቴ ከጓዳ ስትወጣ ራሷን ተላጭታለች፣ ከል ለብሳለች። "ያኔ ገባኝ" አለች እማዬ። "ከዚያ በኋላ እንኳን አንቺ፣ ቴሌቪዥን ላይ የተላጨች ሴት ሳይ ሆዴ ይፈራል።"

እሷ በልጅነቷ ቁንጮ ነበራት። ሁሉም ልጅ ነበረው፤ አናት ላይ አንድ ጭብጥ ፀጉር ትቀራለች፣ ሌላው ይላጫል። መልአኩ ልጁ ሲወድቅ የሚይዘው በእሷ ነው ይሉ ነበር። ከፍ ስትል ጋሜ ሆነች፤ መሃል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ክብ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ልጅ ጋሜ ከሆነች ገና አላገባችም ማለት ነው። ስታገባ መሃሉም ያድጋል፣ ሹሩባ ይሠራል። ባሏ ሲሞት ደግሞ ሁሉም ይወርዳል። ከመነነች ተላጭታ ቆብ ትደፋለች። ገበያ ላይ የቆመ ሰው ሴቲቱን ሳያናግር የት ላይ እንዳለች ከራሷ ያነብ ነበር። ዛሬ ቃላቱ ቀርተዋል፣ ሥራቸው ተቀይሯል። "የሙስናው ቁንጮ" ስንል የሕፃን ጭንቅላት ትዝ የሚለው ማን አለ?

ያ ጨካኝ ነገር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነበረው፣ ለሴት በተለይ። መታወቂያሽን ራስሽ ላይ ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው፤ ድንግልናሽም፣ ትዳርሽም፣ ሐዘንሽም የመንደሩ ነው። ግን ቢያንስ የሚያነብሽ ሰውና አንቺ በአንድ ፊደል ነበር የምትግባቡት። እኔን ያን ሰሞን ያነበበኝ ሰው ሁሉ የየራሱ ፊደል ነበረው። ሽማግሌው ሐዘንተኛ አደረጉኝ። ረዳቱ ወንድ አደረገኝ። ቢሮ አንዷ ባልደረባዬ ሽንት ቤት አስገብታኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ኬሞ ነው?" አለችኝ፤ እንባዋ መጥቷል። ካፌ ውስጥ አንድ ልጅ "አርቲስት ነሽ አይደል?" አለኝ፣ እርግጠኛ ሆኖ። እሑድ አራዳ ጊዮርጊስ ነጠላዬን ተከናንቤ ስገባ ጧፍ የምትሸጠው ልጅ "እማሆይ፣ ጧፍ ይውሰዱ" አለች። በአንድ ሳምንት ሞቶብኛል፣ ታምሜያለሁ፣ መንኩሻለሁ፣ ሠዓሊ ሆኛለሁ። ሪላክሰር ያለ አንድም ሰው የለም።

ወደ ወንዶቹ ልምጣ። ወንድሜ ድሬድ ነው። ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆነው። አጎታችን፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ በዚህ ነገር አይስማማም። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮው ቀርቦ ጳውሎስ ይነሳል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወንድ ፀጉሩን ቢያስረዝም ነውር ነው ብሎ ጽፏል። ወንድሜ ሶምሶንን ያነሳል። አጎቴ ሶምሶን ናዝራዊ ነበር፣ አንተ የፒያሳ ልጅ ነህ ይላል። ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል በጣቱ አሳየና "እሱንስ ምን ልትለው ነው ጋሼ?" አለ።

አጎቴ ጠጁን አስቀመጠ። "ያ ሹሩባ ነው" አለ።

"እሱስ የሴት አይደል?"

እዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ወንድሜ አሸንፏል። ሹሩባ የሴት ነው የሚለው ነገር የቅርብ ጊዜ ነው፤ ያኔ ጦረኛ ወንድ ይጎነጎን ነበር። የመቅደላው ጦርነት ጊዜ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ እንግሊዞች ከወሰዱት ነገር አንዱ የፀጉራቸው ዘለላ ነው። ዘውድ ወሰዱ፣ ጽላት ወሰዱ፣ መጻሕፍት ወሰዱ፤ ፀጉርም ወሰዱ። ለንደን ባለ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። 151 ዓመት። ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር ከዚያ መድፍ ይልቅ ያቺ ዘለላ ትታየኛለች። መድፍ ማንም ያሠራል።

አጎቴ ራሱ ንፁህ አይደለም። በ1960ዎቹ ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለ ጎፈሬው በበር አያስገባም ነበር። የኋላ ኪሱ ውስጥ ሚዶ ይሰካል፤ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ እንዲታይ። ፎቶ አለው፤ የአሜሪካ ጥቁሮቹን መስሎ ቆሟል። ግን እንደ እሱ አባባል ቅጂ አልነበረም፤ ጎፈሬ የእኛ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡት አርበኞች ፀጉራቸውን ሲያሳድጉ የጀግና ምልክት ሆኖ ቀረ። ልጅ ሆኖ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ሄዶ ያያቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የአንበሳ ጎፈር ራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ከሥሩ የራሳቸው ጎፈሬ። ተማሪው ያን ፀጉር ወሰደና ተራማጅ አደረገው።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ጎፈሬ ያለው ተማሪ ነው፣ ተማሪ ደግሞ ተፈላጊ ነው። አንድ ማታ አያቴ፣ ያኔ ልጆቿን ይዛ ከቡልጋ ጉለሌ ገብታለች፣ አጎቴን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በኩራዝ ብርሃን በልብስ ስፌት መቀሷ ከረከመችው። መብራት ነበረ፤ ሰው በመስኮት እንዳያይ ብላ ነው ያጠፋችው። ፀጉሩን ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሽታው ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም ይላል እማዬን እያየ፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ጠዋት ሲወጣ የቀበሌው ጥበቃ አላወቀውም። ጓደኞቹ ግን አላመለጡም።

ለባሏ የራሷን ፀጉር የላጨች ሴት፣ በሌላ ጊዜ የልጇን ቆረጠች። ያን ሁሉ ዓመት ይሄ ታሪክ ቤታችን ውስጥ ነበር፤ እኔ ስላጭ ነው የወጣው።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ብቻዬን ሄድኩ፤ አጎቴ አይገባም። ግድግዳው ሙሉ ፎቶግራፍ ነው። ፊቶቹን አይቶ መጨረስ አይቻልም፣ እኔም ዓይኔ እየሸሸ ፀጉራቸው ላይ ያርፋል። ጎፈሬ፣ ጎፈሬ፣ ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ አንዷ እንደ እኔ አጭር። አንዳንዱ ለፎቶው ብሎ አበጥሮ፣ ጎንና ጎኑን አስተካክሎ የመጣ ነው። ይሄን አይቼ ነው ቶሎ የወጣሁት።

ለወንድሜ ነገሩ ቀለል ይላል፣ ግን አልጠፋም። ሃይስኩል እያለ ዩኒት ሊደሩ በሰልፍ ሰዓት መቀስ ይዞ ይዞር ነበር። ረዝሟል ያለውን ልጅ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መስመር ያወጣበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለ መላጨት አማራጭ የለም። ልጆቹ "ቸርችል ወጣበት" ይሉ ነበር። ሰፊና ቀጥ ያለ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ቸርችል ወጥቶበታል፤ ድሬዱን የጀመረው የማትሪክ ፈተና በጨረሰ ማግሥት ነው። ቤት ሲከራይ ደላላው "ልጁ ጥሩ ነው፣ ግን አከራይዋ ፀጉሩን ቢቆርጥ ብለዋል" አለኝ፤ ለእኔ ነው የነገረኝ፣ ለእሱ አፍሮ።

አብረን አራዳ ጊዮርጊስ ሄደን ያየሁትን ልንገራችሁ። በሩ ላይ አንድ ባሕታዊ ቆመዋል፤ ፀጉራቸው እስከ ወገባቸው ተጠላልፎ ወርዷል። ሴቶች እየተንበረከኩ መስቀላቸውን ይሳለማሉ። ወንድሜ አምስት እርምጃ ከኋላቸው ነበር። ያው ፀጉር ነው፣ የእሱ እንዲያውም ታጥቧል። ከአንዱ በረከት ይጠየቃል፣ ሌላውን ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀው።

እኔም ከዘበኛው አልሻልም። አንድ ማታ በደጃች ውቤ ሰፈር በኩል ስሄድ ድሬድ ያለው ልጅ ከኋላዬ ሲመጣ ቦርሳዬን ወደ ፊት አዞርኩ። ሲያልፈኝ "ደህና አመሺ" አለኝ። የድሬድ እህት ሆኜ እንኳ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ነው የተንቀሳቀሰው። ሂዩመን ሄር የሰቀለች ልጅ ሳይ ደግሞ ዋጋውን እገምታለሁ፤ ማን ገዛላት እላለሁ። እላለሁ፣ ምን ልዋሽ። አራዳ እዚህ ሰፈር የተወለደ ቃል ነው፤ ነቄ ማለት ነው፣ ሰውን ባየው ማንነቱን የሚያውቅ። ፋራ ደግሞ የማያውቀው። የዚህ ሰፈር ልጅ ፋራ ከሚባል ቢሞት ይመርጣል፤ ስለዚህ ሁላችንም ሰው ስናይ ቶሎ እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ተሳስተን።

ፀጉሬ አድጓል፣ ሹሩባም ይይዝ ነበር። መልሼ አሳጠርኩት። ምክንያቱ ትልቅ አይደለም፤ ቅዳሜዬ ተመለሰልኝ። እማዬም ለምዳዋለች፤ ለጋ ቅቤ ስትቀባኝ "ይሄኮ ሁለት ጣት ቅቤ ነው የሚፈጀው" ትላለች፣ ቁጠባው ደስ ብሏት።

ፀጉር ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳው ፈረሳ ጋር ሄደ። አንድ ቀን ባልፍ ግድግዳው የለም፣ ሰማይ ነው ያለው። ልጁ ግን ስልኬን ይዞ ኖሮ ከሁለት ወር በኋላ ደወለ፤ ወደ ስድስት ኪሎ መውጫ አንድ ክፍል አግኝቷል። ሁለት ወንበር ብቻ ነው። ባለቁጥሩ ፖስተር ቀርቷል፣ ቴዎድሮስ መጥተዋል።

ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ተራ ይጠብቃል፣ ገብቼ ስቀመጥ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ ልጁን አየው፣ አንድ ነገር እንዲል እየጠበቀ። ልጁ ፎጣውን አራገፈ፣ አንገቴ ላይ አሰረ፣ ቶንዶሱን አበራ።

"2 ነው እንደ ድሮው?"

"2።"

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። "ይቅርታ..." አለኝ። የቱን ግሥ እንደሚመርጥ ሲያስብ ታየኝ። "እዚህ ሰፈር ነው የሚኖሩት?"